ፊልም በቤት ማጠብ፦ ቅመሞቹና የጎጃም ውሃ

ጥቁርና ነጭ ፊልም በቤት ለማጠብ ጨለማ፣ ውሃ፣ ጥቂት ኬሚካልና ቴርሞሜትር ያስፈልጋል። ጎጃም ውስጥ ደግሞ ዋናው ቴርሞሜትሩ ነው። ደብረ ማርቆስ ጠዋት ላይ የቧንቧው ውሃ እጅ ያደነዝዛል። ባሕር ዳር በበጋ ቀትር ለብ ብሎ ይወርዳል። የማጠቢያ ሰዓቱ ግን ብዙውን ጊዜ የሚሰላው ለ20 ዲግሪ ነው።

ኮዳክ በ1927 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ዲ-76 የተባለ ምስል አውጪ ውህድ እንይ። ለ1 ሊትር 2 ግራም ሜቶል፣ 5 ግራም ሃይድሮኪኖን፣ 100 ግራም ሶዲየም ሰልፋይትና 2 ግራም ቦራክስ ይገባበታል። ምስሉን የሚያወጡት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናቸው። ሰልፋይቱ ውህዱን አየር እንዳያበላሸው ይጠብቃል፤ ቦራክሱ ሥራውን ያፋጥናል። ሃይድሮኪኖን ብርድ አይወድም። ከ12 ዲግሪ በታች ሥራ ፈት ሆኖ ይቀመጣል ማለት ይቻላል። ስለዚህ ማርቆስ ላይ ቅመም ከመጨመር በፊት ውሃውን ማሞቅ ይቀድማል።

ሙቀት ሲበዛ ችግሩ ይገለበጣል፤ የፊልሙ ጄላቲን ያብጣል፣ ይለሰልሳል። ለሞቃት አገር የተዘጋጁ ቀመሮች ለዚህ ሲሉ ሶዲየም ሰልፌት ይጨምራሉ። ከሰልፋይት ጋር ስማቸው ይመሳሰላል፤ አደራ፣ እንዳይምታታ።

ፖታሺየም ብሮማይድ ልጓም ነው። ብርሃን ያልነካው የፊልሙ ክፍል እንዳይጠቁር ይከላከላል። መሳቢያ ውስጥ ዓመታት ለቆየ ፊልም ጥሩ ነው። ሲበዛ ግን የፊልሙን ፍጥነት፣ ማለትም ለብርሃን ያለውን ንቃት ይቀንሳል። በእኔ ግምት ጀማሪ መጀመሪያ ያለ እሱ ቢሞክር ይሻለዋል።

የቡና ነገርም አለ። በ1995 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ሮቸስተር የቴክኖሎጂ ተቋም ውስጥ ፊልም በቡና ታጠበ። ዘዴው ካፌኖል ይባላል። ዛሬ ከተለመዱት ልኬቶች አንዱ ለ1 ሊትር 40 ግራም ፈጣን ቡና፣ 16 ግራም ቫይታሚን ሲና 54 ግራም ውሃ አልባ ሶዲየም ካርቦኔት ነው፤ በ20 ዲግሪ 15 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ካርቦኔቱ ከጠፋ ቤኪንግ ሶዳን በብረት መጥበሻ መንተክተኩን እስኪያቆም ማሞቅ ነው። የዘጌን ቡና ግን ለጀበናው ይተዉት! ለፊልም የሚመረጠው ርካሹ የሮቡስታ ፈጣን ቡና ነው፤ ሥራውን የሚሠሩት አሲዶች በእሱ ይበዛሉ። ሽታው ደግሞ ጎረቤት ያስጠይቃል።

ምስሉ ከወጣ በኋላ የውህዱን ሥራ ማስቆሚያው ቀላል ነው፤ ቀለም የሌለው 5 በመቶ አቼቶ፣ አንድ እጁ በሦስት እጅ ውሃ። ቀጥሎ ፊልሙ ላይ ሳይጠቁር የቀረውን የብር ጨው የሚያነሳው ሃይፖ፣ ማለትም ሶዲየም ታዮሰልፌት ይመጣል። የብር ጨውን እንደሚያሟሟ ጆን ኸርሼል በ1819 እ.ኤ.አ. ደርሶበታል። ያገለገለው ሃይፖ ብር ስለሚይዝ ወደ ጣና ወይም ወደ ወንዝ አይደፋም።

በመጨረሻው እጥበት ውሃ ላይ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ከተጨመረ ውሃው ነጠብጣብ ሳይተው ይወርዳል። ከዚያ ፊልሙን አቧራ በማይገባበት ክፍል በልብስ መቆንጠጫ መስቀል ነው።