«ሮክ ጩኸት ነው» ለሚሉ ጎረቤቶቼ፦ ስለ አንድ አልበም የሚባለውና እውነታው

ጣና ዳር ቡና እየጠጣሁ አር.ኢ.ኤም. የተባለውን የአሜሪካ ባንድ ስከፍት ከጎኔ የሚወረወረውን አስተያየት በቃሌ ይዤዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣውን «አውት ኦፍ ታይም» የተባለ አልበማቸውን ለስንቱ እንዳሰማሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ደጋግመው የሚገጥሙኝን እነሆ።

«ሮክ ጩኸት ነው።»

የአልበሙ ታዋቂ ዘፈን «ሉዚንግ ማይ ሪሊጅን» የቆመው በማንዶሊን ነው። ጊታር ተጫዋቹ ፒተር ባክ መሣሪያውን ገና እየለመደ ሳለ ያገኘው ዜማ ነው። ማንዶሊን ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ አየለ ማሞን የሰማ ያውቀዋል። ክራር ሲደረደር ለኖረ ጆሮማ ምኑ ይከብዳል? የሚጮህ ሮክ የለም አልልም፤ ይሄ ግን እሱ አይደለም። ዘጌ የሚያደርሰን ጀልባ ሞተር ከዚህ አልበም ይበልጥ ይጮኻል።

«ሃይማኖትን ስለ መካድ ነው የሚዘፍኑት።»

ይህችን ያመጣችው አክስቴ ናት። የእህቷ ልጅ ርዕሱን ቃል በቃል ተርጉሞ ነገራት፤ «ሃይማኖቴን እያጣሁ ነው» ብሎ። ከዚያ ወዲህ እኔን ስታይ ታማትባለች። አገላለጹ ግን በደቡባዊ የአሜሪካ ግዛቶች የሚነገር የቆየ ፈሊጥ ነው፤ ትዕግስት ሲያልቅ፣ ሰው ራሱን መግዛት ሲያቅተው ይባላል። ባንዱ የተመሠረተው እዚያው፣ ጆርጂያ ግዛት፣ አቴንስ ከተማ ነው። ዘፋኙ ማይክል ስታይፕም ምላሽ ስላጣ ፍቅር እንደሆነ ተናግሯል፦ አብዝቼ ተናገርኩ ይሆን? ወይስ አልበቃ ብሎ ነው? እያለ የሚጨነቅ ሰው። አክስቴ ራሷ በተናደደች ቁጥር «ኧረ ሃይማኖቴን አታስክዱኝ!» ትል የለ? ማንም ከሃዲ አላላትም። እርግጥ ቪዲዮው ክንፍ ያለው ሽማግሌ ወድቆ ስለሚያሳይ ጥርጣሬዋን አባባሰው።

«አማራጭ ሮክ የጥቂቶች ነው፤ ብዙኃኑ አይሰማውም።»

ስያሜው የመጣው ትልልቆቹ ሬዲዮ ጣቢያዎች ሳያስገቧቸው በኮሌጅ ሬዲዮ፣ ተማሪዎች በሚያንቀሳቅሷቸው ትንንሽ ጣቢያዎች፣ ካደጉ ባንዶች ነው፤ አር.ኢ.ኤም.ም በ1980 ተመሥርቶ በዚያው መንገድ መጣ። ይህ አልበም ግን በአሜሪካም በእንግሊዝም የአልበሞች ሰንጠረዥ አንደኛ ወጥቷል። በ1992ቱ ግራሚ አልበሙ በአማራጭ ሙዚቃ ዘርፍ ሲሸለም፣ ዘፈኑ ደግሞ በፖፕ ዘርፍ ተሸለመ። አጥሩ ያን ያህል ቀጭን ነው።

«እንግሊዝኛዬ አይበቃም።»

የአሜሪካኖቹም አልበቃም። ስታይፕ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቃላቱን እየዋጠ ስለሚዘፍን የራሱ አገር ሰዎች በግጥሙ ይከራከሩ ነበር፤ የ1983ቱ የመጀመሪያ አልበማቸው ስም ራሱ «ማጉረምረም» ማለት ነው። በዚህኛው አልበም አምስተኛው ዘፈን፣ «ኤንድጌም»፣ ግጥም ጭራሽ የለውም፤ ድምፁ ብቻ ያንጎራጉራል። ሰባተኛው ላይ ደግሞ ስታይፕ ያወራል፤ አዝማቹ ግን ቃል አልባ ነው። ትዝታን ያለ ግጥም በዋሽንት ብቻ ሰምቶ ሆዱ የባባ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም።

«ሮክ ለሐበሻ አይሆንም።»

የእኛው ሮክ ባንድ ጃኖ እ.ኤ.አ. በ2012 «ኤርታሌ» የተባለ አልበሙን አውጥቷል። ቀጥሎ።

«አልበም የሚሰማው ከአንደኛው ዘፈን ጀምሮ ነው።»

ብዙዎችን ያባረረብኝ ይሄ ነው። አንደኛው ዘፈን ራፐር የተጋበዘበት ነው፤ ከቀሪው ጋር አይመሳሰልም፣ ለአዲስ ሰው ግራ ያጋባል። ከሁለተኛው ጀምሩ፤ ከዚያ አራተኛው፣ ከዚያ ማንዶሊኑ ወደሚመለስበት ስምንተኛው «ሃፍ ኤ ወርልድ አዌይ» እለፉ። ይሄኛው ፀሐይ ጣና ላይ ስታዘቀዝቅ ነው የሚሰማው፣ በእኔ ይሁንባችሁ። አልበሙ በሙሉ 44 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ዘጌ ሳትደርሱ ያልቃል። ስድስተኛው፣ «ሻይኒ ሃፒ ፒፕል»፣ ስኳሩ የበዛበት ሻይ ነው። ካልጣማችሁ ዝለሉት። ባንዱም በ2003 ምርጥ ዘፈኖቹን ሲያሰባስብ ዘሎታል።