ደም መላሿ ድመት በጃፓን አስፈሪ ፊልሞች

በጃፓን የሲኒማ ታሪክ ውስጥ በግፍ የተገደለ ሰው ደም የምትመልስ ድመትን ዋና ባለታሪክ ያደረገ፣ ራሱን የቻለ የአስፈሪ ፊልም ዘርፍ አለ። ጃፓኖች ዘርፉን «ካይብዮ ኤይጋ» ወይም «ባኬኔኮ ኤይጋ» ይሉታል፤ ባኬኔኮ የሚባለው መልኩን እየለወጠ ሰው መምሰል የሚችል የድመት መንፈስ ነው። ዘርፉ ከድምፅ አልባው ፊልም ዘመን ተነሥቶ በ1930ዎቹ መጨረሻና በ1950ዎቹ ሁለት ጊዜ የተስፋፋ፣ በ1960ዎቹ መጨረሻም የከሰመ ሲሆን፣ ርዝራዡ ከዚያ በኋላ በተሠሩ ፊልሞችም ይታያል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአብዛኞቹ ፊልሞች መነሻ ተመሳሳይ ነው። አንድ መስፍን ወይም ሹመኛ በቁጣ፣ በቅናት ወይም በሥልጣን ጥም ተነሣሥቶ ንጹሕ ሰው ይገድላል፤ ሬሳውም ይደበቃል። ገዳዩ የአገሩ ገዥና ዳኛ ስለሆነ የሟች ቤተሰብ አቤት የሚልበት ደጅ የለውም። የሟች እናት በደሏን ለቤቷ ድመት ነግራ ራሷን ትገድላለች፤ ድመቷም የእመቤቷን ደም ልሳ በቀሉን ትረከባለች። ከዚያ በኋላ በገዳዩ ቤት ውስጥ የምትኖር የአንዲት ሴት፣ ብዙ ጊዜ የአሮጊት እናቱን ወይም የዕቁባቱን፣ አካል ለብሳ ቤቱን ከውስጥ ታምሰዋለች። ዘርፉን አውሬ ሰውን ከሚያሳድድባቸው ፊልሞች ጋር መደባለቅ የማይገባው በዚህ ምክንያት ነው። ድመቷ ፍርድ ያጣ ሰው የመጨረሻ ከሳሽ ናት፤ ተመልካቹም እየፈራት ቢሆን እንኳ እውነቱ ከእርሷ ጋር መሆኑን ያውቃል።

ስለ ድመት መንፈስ የነበረው እምነት ከፊልሙ እጅግ ይቀድማል። ባለቅኔው ፉጂዋራ ኖ ቴይካ በ1233 በዕለት ማስታወሻው ላይ «ኔኮማታ» የተባለ አውሬ በናራ ሰዎችን በላ የሚል ወሬ መዝግቧል። ከ1603 እስከ 1868 በቆየው የኢዶ ዘመን ደግሞ ወሬው ከዱር ወደ ቤት ገባ፤ ብዙ ዓመት የኖረች የቤት ድመት ጭራዋ ለሁለት ተከፍሎ በኋላ እግሮቿ ትቆማለች፣ ትናገራለች፣ ትጨፍራለች ይባል ጀመር። ሠዓሊው ቶሪያማ ሴኪየን በ1776 ባሳተመው የመናፍስት ሥዕል መጽሐፍ ውስጥ ይህች ድመት ከነጭራዋ ትገኛለች። እምነቱን ያጸናው አንድ ተራ የኑሮ ሁኔታም ነበር። የዘመኑ ሕዝብ ለወረቀት ፋኖሱ እንደ ሰርዲን ካሉ ዓሦች የተጨመቀ ርካሽ ዘይት ይጠቀም ስለነበር፣ የዓሣ ሽታ የሳባት ድመት በኋላ እግሮቿ ቆማ ዘይቱን ስትልስ መታየቷ አይቀርም፤ ጥላዋም በወረቀቱ መስኮት ላይ ገዝፎ ሲያርፍ ቆሞ የሚሄድ ሰው ይመስላል። ዘይት የምትልስ ሴትና በወረቀት መስኮት ላይ የሚታይ ባለ ጆሮ ጥላ በኋላ ላይ ከፊልሞቹ የማይቀሩ ምልክቶች የሆኑት ከዚህ ተነሥተው ነው።

የዘርፉ ዋና ምንጭ ግን በኪዩሹ ደሴት በሳጋ የተፈጠረ እውነተኛ የሥልጣን ሽግግር ነው። የአካባቢው ገዥ ሪዩዞጂ ታካኖቡ በ1584 በኦኪታናዋቴ ጦርነት ከወደቀ በኋላ ሥልጣኑ ቀስ በቀስ ወደ አሽከሩ ወደ ናቤሺማ ናኦሺጌ እጅ ገባ። የሪዩዞጂ ወራሽ ታካፉሳ በ1607 በምሬት ሞተ፤ አባቱ ማሳይዬም በዚያው ዓመት ተከተለው፤ ግዛቱም የናቤሺማ ቤት ሆነ። ሽግግሩ ብዙ ደም ሳይፈስበት ቢጠናቀቅም በሕዝቡ አእምሮ ውስጥ ግን አሽከር የጌታውን ቤት ወረሰ የሚለው ነገር አልተዘጋም። አፈ ታሪኩ የበቀለው በዚህ ቁስል ላይ ነው። እንደ አፈ ታሪኩ የናቤሺማ ቤት ሁለተኛው መስፍን ሚትሱሺጌ፣ ማታሺቺሮ ከተባለ የሪዩዞጂ ቤት ልጅ ጋር በጥቁርና በነጭ ጠጠር የሚካሄደውን የ«ጎ» ጨዋታ ሲጫወት ተቆጥቶ ገደለው፤ የሟች እናትም ለድመቷ ተናዝዛ ራሷን ገደለች፤ ድመቷም በየሌሊቱ ቤተ መንግሥቱን እየገባች መስፍኑን ታሠቃየው ጀመር። በመጨረሻ ድመቷን የገደለው ታማኝ አሽከር ስሙ እንደ ተራኪው ይለያያል፤ በአንዱ ኮሞሪ ሃንዛዬሞን፣ በሌላው ቺቡ ሆኔሞን ይባላል።

የዚህ ታሪክ ሌላ ቅጂ በ1871 እንግሊዛዊው ዲፕሎማት ሚትፎርድ ባሳተመው የጃፓን ተረቶች መጽሐፍ አማካይነት ወደ አውሮፓ ገብቷል። በዚህኛው ድመቷ ኦ ቶዮ የተባለችውን የመስፍኑን ዕቁባት አንቃ ገድላ መልኳን ትወስዳለች፤ ሌሊት ሌሊትም የመስፍኑን ደም ትመጥጣለች። ጠባቂዎቹ በአስማት እንቅልፍ ሲረቱ ኢቶ ሶዳ የተባለ ተራ ወታደር ጩቤውን በጭኑ ላይ ሰክቶ እያዞረ በሕመሙ ነቅቶ ያድራል። ቅጂው በትረካ ረገድ የሚያስደንቅ ቢሆንም በውስጡ ድመቷ ምንም በደል አልደረሰባትም፣ ክፋቷም ምክንያት የለውም። የፊልም ሠሪዎቹ ደጋግመው የመረጡት ግን የእናቲቱን፣ የጠጠር ጨዋታውንና የደሙን ታሪክ ነው፤ ምርጫቸውም ትክክል ነበር፤ ምክንያቱ የጠፋበት ፍርሃት ለአንድ ምሽት ያህል ያስደነግጥ እንደሆነ እንጂ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተመልካች አይስብም።

ታሪኩ ከአፈ ታሪክነት ወደ ፊልም የተሻገረበት ድልድይ ካቡኪ የተባለው የጃፓን ባህላዊ ቲያትር ነው። ጸሐፌ ተውኔት ፃሩያ ናንቦኩ አራተኛው በ1827 ባቀረበው ተውኔት ኦካዛኪ የተባለችውን ከተማ ድመት ጠንቋይ በመድረክ ላይ ያወጣት ሲሆን፣ ሠዓሊው ኡታጋዋ ኩኒዮሺም ይህችን አሮጊት ድመት ከነፋኖሷ ደጋግሞ ሥሏታል። የሳጋው ታሪክ በ1853 በኢዶ ከተማ ለመድረክ ሊበቃ ሲል ግን የሳጋ ግዛት ባለሥልጣናት ባሰሙት ተቃውሞ ታገደ። እገዳው ታሪኩ ምን ያህል የሰላ ክስ እንደነበረ ይመሰክራል፤ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ያለፈው የሥልጣን ጉዳይ በድመት አፍ ሲነገር እንኳ ገዥውን ቤት ያሳስበው ነበር። ካቡኪ ለፊልሙ ካወረሳቸው ነገሮች ሁሉ ጎልቶ የሚታየው «ኔኮጃራሺ» የተባለው ትዕይንት ነው። በዚህ ትዕይንት ድመቷ እጆቿን እንደ መዳፍ ቆልምማ ስታወዛውዝ፣ በርቀት ያለችው የቤተ መንግሥት ደንገጡር በማይታይ ገመድ የተሳበች ያህል ትገለበጣለች፣ ትንከባለላለች፣ ወደ ኋላ ትጎተታለች። ተመልካቹ ይህን ትዕይንት በጉጉት ይጠብቅ ነበር፤ አንዲት የባኬኔኮ ተዋናይ የምትመዘነውም በዚሁ ነበር።

የመጀመሪያዋ የዘርፉ ኮከብ ሱዙኪ ሱሚኮ ናት። ሺንኮ ኪኔማ በተባለው ድርጅት በ1937 በተሠሩት የሳጋና የአሪማ (የሌላ መስፍን ቤት) ድመት ፊልሞች ላይ ከተወነች በኋላ «የባኬኔኮ ተዋናይት» የሚል መጠሪያ ተሰጣት። ከዚህ ዘመን ከተረፉት ጥቂት ሥራዎች አንዱ ኡሺሃራ ኪዮሂኮ በ1938 ያዘጋጀው ሲሆን፣ ታሪኩ ሻሚሰን በተባለው ባለ ሦስት ክር የሙዚቃ መሣሪያ ዙሪያ ያጠነጥናል። የሻሚሰን ገላ በልማድ የሚለበጠው በድመት ቆዳ ስለሆነ የተገደለችው ድመት በቀል በመሣሪያው በኩል መምጣቱ ለጃፓን ተመልካች ማብራሪያ አላስፈለገውም። በ1939 የወጣው የፊልም ሕግ ሲኒማውን ለጦርነቱ ዓላማ ሲያስገዛ እንዲህ ያሉ የመናፍስት ታሪኮች ጠፉ። ከሽንፈቱም በኋላ ጃፓንን ይዞ የነበረው የአሜሪካ ጦር አስተዳደር የሳሙራይ ዘመን የበቀል ታሪኮችን በጥርጣሬ ያይ ስለነበር፣ ድመቷ የተመለሰችው ይህ አስተዳደር በ1952 ካበቃ በኋላ ነው።

በ1953 ዳይዬ የተባለው ድርጅት የሳጋን ታሪክ በአራይ ሪዮሄይ አዘጋጅነት ሲያወጣ ዋናዋን ሚና የሰጠው ለኢሪዬ ታካኮ ነበር። የኢሪዬ ታሪክ ከፊልሞቹ ባልተናነሰ ልብ ይነካል። በ1911 ከመኳንንት ቤት የተወለደች፣ በድምፅ አልባው ዘመን የአገሩን ሲኒማ ካስጌጡ ውብ ተዋናዮች አንዷ የነበረችና በ1932 የራሷን የፊልም ድርጅት ያቋቋመች ሴት ናት። የፊልም አዘጋጁ ሚዞጉቺ ኬንጂ በ1933 ከታወቀባቸው ሥራዎች አንዱን የሠራው ከእርሷ ጋር ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ሕመም ሲጥላትና ሥራ ሲነጥፍባት የድመቷን ሚና ተቀበለች፤ እስከ 1957 ድረስም በኦካዛኪ፣ በአሪማና በሌሎች የድመት ታሪኮች ላይ ተወነች። ፊልሞቹ ገበያ ቢያገኙም በዘመኑ የሲኒማ ሰዎች ዘንድ ግን እንደ ርካሽ ሥራ ይቆጠሩ ነበር። በ1955 ለሚዞጉቺ ፊልም በተጠራች ጊዜ አዘጋጁ በሠራተኞቹ ሁሉ ፊት ትወናዋን ከባኬኔኮ ትወና ጋር እያነጻጸረ እንዳዋረዳትና ሚናውን ትታ እንደወጣች በሰፊው ይነገራል። ስድቡ ለእርሷም ለዘርፉም የሚገባ አልነበረም። በነዚያ ፊልሞች ላይ ኢሪዬ በአንድ ፊት ላይ የሐዘንተኛ እናትንና የአውሬን ስሜት እያፈራረቀች የምታሳይበት ችሎታ ብዙ የከበሩ ድራማዎች ያላገኙት ነው። በ1962 ኩሮሳዋ አኪራ በ«ሳንጁሮ» ፊልሙ የረጋችና ብልህ ወይዘሮ አድርጎ ሲያቀርባት የቀድሞ ክብሯ በጥቂት ትዕይንቶች ውስጥ ተመልሶ ታየ።

ዘርፉን ወደ ዘመናዊው ኑሮ ያሻገረው ናካጋዋ ኖቡዎ ነው። በ1958 ሺንቶሆ ለተባለው የፊልም ድርጅት በሠራው ፊልም አንድ ሐኪም በሳንባ ነቀርሳ የታመመች ሚስቱን ይዞ በኪዩሹ ወደሚገኝ አሮጌ ቤት ይገባል፤ አንዲት አሮጊትም ሚስቱን ሌት ተቀን ታሳድዳታለች። ቀጥሎ የቤቱ የጥንት ታሪክ ይገለጣል፤ ቁጡው የቤቱ ጌታ በጠጠር ጨዋታ ምክንያት አንድ ወጣት ገድሎ ሬሳውን በግድግዳ ውስጥ ደብቋል፤ የወጣቱን ዓይነ ስውር እናትም ደፍሯታል፤ እናቲቱም ለድመቷ አደራ ሰጥታ ራሷን ገድላለች። ናካጋዋ ያሁኑን ዘመን ቀለም በሌለው ምስል፣ ያለፈውን ዘመን ደግሞ በሙሉ ቀለም አቅርቦታል። ብዙዎች ያለፈውን የሚያደበዝዙበትን ልማድ በመገልበጡ፣ ያልተመለሰ ደም ከዛሬው ኑሮ ይልቅ ሕያው እንደሆነ ያለ አንድ ቃል ያስረዳል። በእኔ ግምት በዘርፉ ውስጥ ከዚህ የላቀ አንድ ሐሳብ አልተሠራበትም።

ሺንዶ ካኔቶ በ1968 ያወጣው «ያቡ ኖ ናካ ኖ ኩሮኔኮ» (በቁጥቋጦው ውስጥ ያለችው ጥቁር ድመት) ግን በአጠቃላይ ከዘርፉ ፊልሞች ሁሉ ከፍ ብሎ ይታያል። ዘመኑን ከኢዶ አውጥቶ ወደ ጥንታዊቷ የኪዮቶ ዙሪያ የጦርነት ጊዜ ይመልሰዋል። የተራቡ ሳሙራዮች አንዲትን ገበሬ እናትና ምራቷን ደፍረው ቤታቸውን ያቃጥሉባቸዋል፤ ጥቁር ድመትም ሬሳቸውን ትልሳለች። ሁለቱ ሴቶች የሳሙራይ ሁሉ ደም እንዲጠጡ ከጨለማው ዓለም ጋር ቃል ኪዳን ገብተው ይመለሳሉ፤ በራሾሞን በር አጠገብ የሚያልፈውን ፈረሰኛም እየሸኙ ወደ ቤታቸው ወስደው ያርዱታል። መንፈሶቹን እንዲያጠፋ የሚላከው አዲስ ሳሙራይ ግን ወደ ጦር ሜዳ ሄዶ የነበረው የእናቲቱ ልጅ ነው። ሚስቱ ከእርሱ ጋር ሰባት ሌሊት ለማሳለፍ ስትል ቃሏን አፍርሳ ለዘላለም ትጠፋለች፤ እናቲቱ ግን ቃሏን ትጠብቃለች። እናቲቱን የተጫወተችው ኦቶዋ ኖቡኮ ስትሆን ልጁን የተጫወተው የካቡኪ ተዋናዩ ናካሙራ ኪቺዬሞን ሁለተኛው ነው። በሌሎቹ ፊልሞች ድመቷ አንድን ገዳይ ትፈልጋለች፤ እዚህ ግን በቀሉ በአንድ መደብ ላይ የታወጀ ስለሆነ ያን መደብ የተቀላቀለ የገዛ ልጅም አይተርፍም። ፊልሙ በዚያው ዓመት ለካን ፌስቲቫል ውድድር ቢመረጥም ፌስቲቫሉ በግንቦቱ የፈረንሳይ ሕዝባዊ ዐመፅ ምክንያት ተቋርጧል።

ታናካ ቶኩዞ በ1969 ለዳይዬ የሳጋን ታሪክ እንደገና ሠራው፤ ዳይዬ ራሱ ግን በ1971 ከሰረ፣ ሺንቶሆም ቀድሞ በ1961 ከስሮ ስለነበር ዘርፉ ያደገባቸው ቤቶች ተዘጉ። ከዚያ በኋላ ድመቷ የተገኘችበት ታዋቂ ሥራ ኦባያሺ ኖቡሂኮ በ1977 ያዘጋጀው «ሃውሱ» ሲሆን፣ ከጦርነት ያልተመለሰ እጮኛዋን ስትጠብቅ የሞተች አክስትና ነጭ ድመቷ ለእረፍት የመጡ ልጃገረዶችን አንድ በአንድ ይበሏቸዋል። በሺሚዙ ታካሺ የ«ጁ ኦን» ፊልሞች ደግሞ በአባቱ የተገደለው ሕፃን ቶሺዮ አፉን ሲከፍት የሚወጣው አብራው የሞተችው ድመት ድምፅ ነው።

ከጃፓን ውጭም ተመሳሳይ ድመቶች አሉ። በደቡብ ኮሪያ ሊ ዮንግ ሚን በ1965 ያዘጋጀው ፊልም በግፍ የተገደለች ምራትን በቀል በድመት በኩል ያመጣዋል፤ ከጃፓኑ ዘርፍ ጋር ያለው ዝምድናም ግልጽ ነው። በምዕራቡ ዓለም ሥሩ ሌላ ነው፤ በ1843 የታተመው የኤድጋር አለን ፖ አጭር ልብወለድ ድመቷን የገዳዩ የኅሊና ክስ አድርጎ ያቀርባታል፤ በ1961 የወጣው የእንግሊዞቹ «ዘ ሻዶው ኦቭ ዘ ካት» ደግሞ የእመቤቷን መገደል ያየች ድመት ገዳዮቹን አንድ በአንድ ለጥፋት ስትዳርግ ያሳያል። በእነዚህ ውስጥ ድመቷ ምስክር ናት፤ አደራ ተቀባይ ግን አይደለችም።

በሳጋ አውራጃ በሺሮይሺ ከተማ በሚገኘው የሹሪንጂ ቤተ መቅደስ ለአፈ ታሪኳ ድመት የቆመ መታሰቢያ አለ። እንደ አካባቢው ትውፊት ያሠራው የገዳይዋ የቺቡ ቤት ሲሆን፣ ቤቱ ወንድ ወራሽ እያጣ በመቸገሩ የድመቷ እርግማን ነው ብሎ አምኖ ነበር።