ክልክል የነበሩት ማኅበራት በአደባባይ እንዴት ኖሩ?
የሮም ሕግ ያለ ፈቃድ ማኅበር ማቋቋምን ይከለክል ነበር። በሮም ግዛት ሥር በነበሩት የትንሿ እስያ (የዛሬዋ ቱርክ) የግሪክ ከተሞች ግን ቀለም ነካሪዎች፣ ቆዳ ፋቂዎችና ዳቦ ጋጋሪዎች የማኅበራቸውን ስም በድንጋይ ላይ አስቀርጸዋል። ነገሩ ግራ ያጋባል።

ክልከላው በተግባር የሚጠብቀው የሕዝብ ጸጥታን ነበር። በ110 እ.ኤ.አ. ገደማ ከባድ ቃጠሎ በደረሰባት ኒቆሜድያ 150 እሳት አጥፊዎች እንዲደራጁ የአካባቢው የሮም ገዥ ፕሊኒ ንጉሠ ነገሥት ትራጃንን ጠየቀ። ትራጃን ግን ስማቸው ምንም ይሁን ምን ውለው አድረው የፖለቲካ ቡድን ይሆናሉ ብሎ እምቢ አለ፤ የእሳት ማጥፊያ መሣሪያ አዘጋጁና የቤቶቹ ባለቤቶች ራሳቸው ያጥፉ አለ! የኤፌሶን ብር ሠሪዎች በጳውሎስ ላይ በተነሡ ጊዜም የከተማው ጸሐፊ ሕዝቡን የበተነው በሁከት እንዳንከሰስ ብሎ ነው።

ሁከት ከሌለ ግን ማን ይነካቸዋል? አብዛኞቹ ከሠራተኛ ማኅበር ይልቅ ለእድር የሚቀርቡ ነበሩ፤ አብረው ይበላሉ፣ አማልክቶቻቸውን ያመልካሉ፣ የአባሎቻቸውን ቀብር ያስባሉ። በትንሿ እስያዋ ሂራፖሊስ ከተማ ግሊቆን የተባለ ሰው ለሐምራዊ ቀለም ነካሪዎች ማኅበር 200 ዲናር ተናዞ ነበር፤ ከወለዱ እየተካፈሉ በየዓመቱ በአይሁድ የቂጣ በዓል መቃብሩን የአበባ ጉንጉን እንዲያለብሱለት። ለምንጣፍ ሠሪዎች ማኅበር የተናዘዘው ግን 150 ብቻ ነው።