አንዳ ከሪ ምንድን ነው? ካሎሪውስ ከእንቁላሉ ነው ከዘይቱ?

«አንዳ» በሂንዲ እንቁላል ማለት ነው። አንዳ ከሪ ደግሞ በሽንኩርትና በቲማቲም ቁሌት የተሠራ የእንቁላል ወጥ ነው። የዶሮ ወጥን እንቁላል ለምናውቅ ነገሩ እንግዳ አይደለም። ልዩነቱ፣ ብዙ የሕንድ ባለሙያዎች ቀቅለው የላጡትን እንቁላል ወጡ ውስጥ ከመጨመራቸው በፊት በእርድና በበርበሬ አሽተው በዘይት ጠበስ ያደርጉታል። ነጩ ቆዳ ያወጣና ወርቃማ ይሆናል። በጣም ይጣፍጣል!

አንድ ትልቅ እንቁላል 6 ግራም ያህል ፕሮቲንና 70 ገደማ ካሎሪ አለው። ፕሮቲኑም ሙሉ ነው፤ ሰውነታችን ራሱ መሥራት የማይችላቸውን አሚኖ አሲዶች ሁሉ ይዟል። አስኳሉ ውስጥ ቫይታሚን ዲ፣ ኮሊን (ለአንጎል የሚያስፈልግ ንጥረ ነገር) እና ቫይታሚን ቢ12 አለ። ሕንድ ውስጥ ሥጋ የማይበሉ፣ እንቁላል ግን የሚበሉ ብዙ ሰዎች አሉ። ለእነሱ ይህ ቢ12 ትልቅ ነገር ነው፤ ከምስርና ከጎመን አይገኝማ።

እንቁላል የሌለው ፋይበርና ቫይታሚን ሲ ነው። እሱን በመጠኑም ቢሆን ሽንኩርቱና ቲማቲሙ ይሞሉታል። ቲማቲምን የሚያቀላው ላይኮፒን ደግሞ በዘይት ሲበስል ለሰውነት ይበልጥ ይመቻል።

ታዲያ ጉዱ ያለው ዘይቱ ላይ ነው። ሕንዶች ቁሌቱ መብሰሉን የሚያውቁት ዘይቱ ተለይቶ በድስቱ ዳር ሲወጣ ነው፤ እኛም ቤት እንደዚያው። ዘይት በዛ ሲል ይህ ቶሎ ይታያል፣ እጅም ይለቃል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል አለው። ለአራት ሰው በ8 እንቁላል ሠርታችሁ 8 ማንኪያ ዘይት ብታፈሱ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ከሁለቱ እንቁላል 140፣ ከዘይቱ ግን 240 ካሎሪ ይደርሰዋል። እኔ በበኩሌ እንቁላሉን ከመቀነስ ዘይቱን በማንኪያ መለካት ይሻላል ባይ ነኝ። 4 ማንኪያ ይበቃል። ቁሌቱ ሲይዝ ውሃ ጠብ እያደረጉ ማማሰል ነው።

አሠራሩ እንደ አገሩ ይለያያል። በደቡብ ሕንዷ ኬረላ ውስጥ የኮኮናት ወተት የሚጨምሩ አሉ፤ ያኔ ሲቀዘቅዝ የሚረጋው ዓይነት ስብ ከፍ ይላል። በምሥራቅ ያሉት ቤንጋሎች ደግሞ ድንች ይጨምሩበታል። ስለዚህ ድንቹ ካለ አብሮ የሚበላውን ሩዝ ቀነስ ማድረግ ነው።