በናይጄሪያ የኒጀር ዴልታ የነዳጅ መፍሰስ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

(ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ነዳጅ የሚፈሰው መርከብ ሲሰጥም ነው»

በኒጀር ዴልታ ድፍድፍ ነዳጅ የሚፈሰው በሰው ደጃፍ ነው። በ1956 ኦሎይቢሪ ላይ ነዳጅ ከተገኘ ወዲህ የተዘረጉት ቱቦዎች እርሻ፣ መንደርና ረግረግ አቋርጠው ያልፋሉ፤ ብዙዎቹም አርጅተዋል፣ ዝገት በልቷቸዋል።

«ጥፋቱ ሁሉ የሌቦች ነው»

ስርቆቱ እውነት ነው፤ ጉዳቱም ቀላል አይደለም። ቱቦ በስተው ድፍድፉን የሚቀዱ፣ ማንግሮቭ በተባለው የባሕር ዳር ረግረግ ዛፍ ጫካ ውስጥ በእሳት እያፈሉ የሚያጣሩ አሉ፤ የሚተርፈው አተላ መሬቱንና ውኃውን ያጠቁራል። ሆኖም ሁሉም በሌባ ሲሳበብ መጠርጠር ይገባል። በናይጄሪያ ሕግ መፍሰሱ ሰዎች ሆን ብለው ቱቦውን በማበላሸታቸው የመጣ ከሆነ ኩባንያው በአብዛኛው ካሳ አይከፍልም። ስለዚህ የምክንያቱ ጥያቄ የካሳም ጥያቄ ነው፤ ገበሬውና ዓሣ አጥማጁ የሚሸነፉትም ብዙ ጊዜ እዚሁ ላይ ነው።

በ2008 ቦዶ በተባለው የዴልታው አካባቢ ሁለት ጊዜ የፈሰሰው ነዳጅ በቱቦው ብልሽት የመጣ መሆኑን የነዳጅ ኩባንያው ሼል ራሱ አምኗል፤ በ2015 ለማኅበረሰቡ 55 ሚሊዮን ፓውንድ ለመክፈል ተስማምቷል። በ2021 ደግሞ በኔዘርላንድስ የሄግ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በጎይና በኦሩማ መንደሮች ለፈሰሰው ነዳጅ የናይጄሪያውን ሼል ኃላፊ አድርጎታል፤ «ሆን ተብሎ የተፈጸመ ነው» የሚለውን መከራከሪያ ከጥርጣሬ በላይ አላስረዳም በማለት።

«የሚጎዳው ዓሣ ብቻ ነው»

ድፍድፉ የማንግሮቭን መተንፈሻ ሥሮች ሲለብስ ዛፉ ታፍኖ ይሞታል፤ በሥሮቹ መካከል የሚያድጉት ትናንሽ ዓሦችና ሸርጣኖች መጠለያ ያጣሉ። አየር ያጣ አፈርም ሰብል አያበቅልም።

«ጊዜና ዝናብ ያጸዱታል»

ይህን የሚሉ በኒጀር ዴልታ የሚገኘውን ኦጎኒላንድን ይመልከቱ። ሼል እዚያ ነዳጅ ማውጣት ያቆመው በ1993 ነው፤ ቱቦዎቹ ግን ቀርተዋል። ዝናቡ ዘይቱን ወደ እርሻና ወደ ከርሰ ምድር ያደርሰዋል እንጂ አያጠፋውም። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም በ2011 ባወጣው ጥናት፣ በ49 ቦታዎች ብክለቱ ቢያንስ 5 ሜትር ድረስ ሰርጎ ተገኝቷል። ጸድተዋል ተብለው ከተመዘገቡት መካከል ከተመረመሩት 15 ቦታዎች 10ሩ አሁንም ከተፈቀደው መጠን በላይ የተበከሉ ነበሩ። ኒሲሲኦከን ኦጋሌ ውስጥ ሰዎች በሚጠጡት የጉድጓድ ውኃ ቤንዝን የተባለው ካንሰር አምጪ ኬሚካል ከዓለም ጤና ድርጅት መጠን ከ900 እጥፍ በላይ ሆኖ ተለክቷል። እንደ ጥናቱ፣ አካባቢው ሙሉ በሙሉ እንዲያገግም ከ25 እስከ 30 ዓመት ሊወስድ ይችላል፤ የውኃ መውረጃዎቹን፣ ደለሉንና ማንግሮቩን የማጽዳት ሥራ የሚጀመረውም አዲስ ብክለት ከቆመ በኋላ ነው።