ልንጎበኝ ነው ወይስ ልንሳለም?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

ባለፈው ጥር፣ ጥምቀት ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ የሰንበት ትምህርት ቤታችንን ልጆች ይዤ ጎንደር ወዳለው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። እኔ ጎንደር ተወልጄ ጎንደር ያደግሁ ነኝ። እዚያ ደጅ ስንቴ እንደቆምኩ ቁጥሩን አላውቀውም። የዚያን ቀን ግን ለልጆቹ ማስታወሻ ይሁን ብዬ ገና ከበሩ ስልኬን አወጣሁ። ቅጥሩን አነሣሁ። ክብ ክቦቹን ግንቦች አነሣሁ። ከዛፍ ሥር ነጠላቸውን ተከናንበው የተቀመጡ እናት ያዩኝ ነበር። በአጠገባቸው ሳልፍ ጠሩኝና፣ «የኔ ልጅ፣ ተሳለምህ ወይ?» አሉኝ።

አልተሳለምኩም ነበር።

አልተቆጡኝም፤ ጠየቁኝ እንጂ። ተመልሼ ደጁን ስስም ዓይኔ እንባ አቀረረ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለት ቃላት ከልቤ አልወጣ ብለዋል። መጎብኘት እና መሳለም።

ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፣ ቃሉን እስኪ ልብ እንበለው። መሳለም ከሰላም የመጣ ነው። ሰላም የሚባለው ደግሞ ለሚሰማ ነው። ሰው በሌለበት ቤት ደጅ ቆሞ «እንደምን አደራችሁ» የሚል የለም። እናቶቻችን ገበያ ሲወርዱ እንኳ ወደ ታቦቱ ዞረው ጎንበስ የሚሉት፣ ውስጥ ማን እንዳለ ስለሚያውቁ ነው። እኔ ግን ያን ቀን በቤቱ ስዞር ለባለቤቱ ሰላም አላልኩም።

መጎብኘት መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። እንዲያውም ቅዱስ መጽሐፍ ይህን ቃል ከሁሉ በላይ ለማን እንደሰጠው ሳነብ ደነገጥኩ። ካህኑ ዘካርያስ አንደበቱ ሲፈታለት፣ «የእስራኤል ጌታ አምላክ ይባረክ፥ ጎብኝቶ ለሕዝቡ ቤዛ አድርጎአልና» ብሎ ዘመረ። ጎብኚው እግዚአብሔር ነው! ተጎብኚዎቹ እኛ ነን። ጌታችንም ኢየሩሳሌምን አይቶ ሲያለቅስላት፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ የማይቀርባትን ምክንያት ነገራት። የመጎብኘትሽን ዘመን አላወቅሽም አላት። ያን የሚያህል ቅጥር፣ ያን የሚያህል ቤተ መቅደስ ነበራት። ፈጣሪዋ ሊጎበኛት ሲመጣ ግን አላወቀችውም።

ይህን ይዤ የከተማችንን ድንጋዮች እንደ አዲስ ማየት ጀመርኩ።

ጎንደር የተጀመረችው በእንባ ነው። አፄ ሱስንዮስ የአባቶቻቸውን ሃይማኖት ለውጠው ካቶሊክ በሆኑ ጊዜ አገሩ ለሁለት ተከፈለ። ወንድም በወንድሙ ላይ ተነሣ። በ1624 ዓ.ም. ወይና ደጋ ላይ ብዙ ሺህ ሰው አለቀ። ያን ሁሉ ሬሳ ካዩ በኋላ የንጉሡ ልብ ተሰበረ፤ ዙፋናቸውንም ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። «ሃይማኖት ይመለስ፣ ፋሲል ይንገሥ» የሚለውን ሁላችንም እየሰማን ነው ያደግነው። ከተማዋ የተቆረቆረችው ከዚያ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1628 ዓ.ም. ገደማ ነው። መጀመሪያ ሃይማኖት ተመለሰ፤ ግንቡ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ይህን ቅደም ተከተል ሳስብ ዝም ብሎ የሆነ አይመስለኝም።

የፋሲል ግቢ ዙሪያው 900 ሜትር የሚደርስ ቅጥር አለው፤ 12 በሮችም አሉት። በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ይህን አስጎብኚው ሁሉ ይነግራችኋል። እኔን የሚይዘኝ ሌላ ነገር ነው። በአፄ ፋሲል ግንብ ላይኛው ፎቅ የንጉሡ የጸሎት ክፍል ነው የሚባል ቦታ አለ። በአራቱም አቅጣጫ መስኮት አለው። መስኮቶቹ በከተማዋ ወዳሉት አብያተ ክርስቲያናት እንዲያዩ ተደርገው ተሠሩ ይባላል። ንጉሥ ሆነው፣ ጦር እያላቸው፣ ማለዳ ሲነሡ መጀመሪያ ማየት የፈለጉት የታቦቱን ደጅ ነበር ማለት ነው። ዛሬ ክፍሉ ባዶ ነው። ከግቢው የሚነሡት የእልፍኝ ጊዮርጊስና የአጣጣሚ ሚካኤል ታቦታት ግን ለጥምቀት ዛሬም ይወርዳሉ።

ቁስቋም ስትወጡም ይኸው ነው። እቴጌ ምንትዋብ ከኮረብታው ላይ ቤተ ክርስቲያኑንም ቤተ መንግሥቱንም ጎን ለጎን አሠሩ። ደርቡሽ፣ ከሱዳን የመጣው የመሐዲስቶች ጦር፣ ቤተ ክርስቲያኑን አቃጠለው። እንደገና ተሠርቶ ኅዳር 6 ይነግሣል፤ ማኅሌቱ ይቆማል። ቤተ መንግሥቱ ግን እንደፈረሰ ነው፤ መልሶ የሚኖርበት አልመጣም።

ደርቡሽን ካነሣሁ ወደ ሥላሴ ልመለስ። ደብረ ብርሃን ሥላሴን አፄ አድያም ሰገድ ኢያሱ በ1686 ዓ.ም. አስመረቁት። በቅጥሩ ላይ ያሉት 12 ግንቦች የ12ቱ ሐዋርያት ምሳሌ ናቸው። የመግቢያው በር አሠራር ደግሞ አንበሳ ነው ይላሉ፤ የይሁዳ አንበሳ፣ ጌታችን። ስለዚህ የሚገባ ሁሉ በእርሱ በኩል ይገባል።

በ1880 ዓ.ም. ጥር ላይ፣ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሳር ውሃ ላይ በደርቡሽ ከተሸነፉ በኋላ፣ ደርቡሽ ጎንደር ገባ። ወቅቱ የጥምቀት ሰሞን ነበር። አብያተ ክርስቲያናቱ ነደዱ፤ ካህናት ታረዱ፤ ሕዝቡ ተማረከ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግን ተረፈ። አባቶቻችን እንደሚነግሩን ወታደሮቹ ሊያቃጥሉ ሲቀርቡ ንብ ከግቢው ወጥቶ አባረራቸው። እስኪ አስቡት። ያን ጊዜ ቅጥሩ የረባ መከላከያ አልነበረም። መድፍ የለ፣ ዘብ የለ። ዳዊት በመዝሙር 126 «እግዚአብሔር ከተማን ካልጠበቀ፥ ጠባቂ በከንቱ ይተጋል» ያለውን አያቶቻችን በዓይናቸው አዩት። ለጎንደር የመጎብኘት ቀን የነበረው ያ ቀን ይመስለኛል። በእሳት መካከል አንድ ቤት አተረፈላት።

ስለ ጣራው ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ከተሳለምኩ በኋላ ከልጆቹ ጋር ወደ ውስጥ ገባን። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር። ቀና ስንል ጣራው ከዳር እስከ ዳር የመላእክት ፊት ነው። ፊትና ክንፍ፣ ፊትና ክንፍ። ዓይናቸው ትልልቅ፣ ፀጉራቸው ጥቁር፣ ፊታቸው የእኛው ፊት። ከፊት ለፊት፣ ከመቅደሱ በላይ፣ ሥላሴ በአንድ መልክ ሦስት ሆነው ተሥለዋል፤ ከሥራቸው ሥነ ስቅለቱ አለ። ከልጆቹ መካከል አንዷ፣ ገና ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ እጄን ይዛ «ጋሼ፣ እኮ እነሱ ናቸው የሚያዩን» አለችኝ። በሹክሹክታ ነው ያለችኝ። እኔ ስብከት አዘጋጅቼ ነበር። ከዚያ በኋላ ስብከቱን ተውኩት። ሁላችንም ዝም ብለን ቆምን። አቡነ ዘበሰማያት ደገምን።

ከዚያ ወደ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ወረድን። ያን ቦታ የማያውቅ የለም። ጥምቀት ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በዩኔስኮ ስለተመዘገበ እንግዳው በዝቷል፤ ደስ ይላል። ግን በሌላ ጊዜ ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ገንዳው ደረቅ ነው። የዛፎቹ ሥር የግንቡን ድንጋይ እንደ እጅ ጣት ጨብጦ ይዞታል። ጥምቀት ሲቃረብ ይጠረጋል፤ ከዚያ የቀሃ ወንዝ ውሃ በቦይ ይለቀቅበታል። በአንድ ጊዜ አይሞላም። ቀናት ይፈጃል። እኛ በደረስንበት ቀን ውሃው ገና ቁርጭምጭሚት ድረስ ነበር።

ልጆቹ ትንሽ ከፋቸው። ሞልቶ ሊያዩት ነበር የፈለጉት። እኔ ግን ጠርዙ ላይ አስቀመጥኳቸውና ስለ ልባችን ተነጋገርን። ብዙዎቻችን የጥምቀት ዕለት ጠዋት ብቻ ሞልተን መገኘት እንፈልጋለን። ሳንጠረግ፣ ቦዩን ሳንከፍት። ንስሐ አባታችንን ካየናቸው ዓመት አልፎናል፤ የተጣላነውን ሰው አልታረቅንም። ከተራ ዕለት ግን ነጭ ለብሰን እንወጣለን። ወገኖቼ፣ እግዚአብሔር ሊጎበኘን ይወዳል። ጾሙም ንስሐውም ለእሱ መምጫ የሚጠረግ ገንዳ ነው። ውሃውን እኛ አንፈጥረውም፤ ከላይ ከቀሃ ነው የሚመጣው። የእኛ ሥራ መጥረግና ቦዩን መክፈት ነው።

ጥር 10 ማታ ታቦታቱ ወረዱ። ሌሊቱን ማኅሌት ተቆመ። ንጋት ላይ ውሃው ተባርኮ ሲረጭ ገንዳው ሞልቶ ነበር። እኚያን እናት በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ፈለግኳቸው፤ አላገኘኋቸውም። ሚካኤል አንድ ሌሊት ጨምሮ አድሮ ጥር 12 ቀን ሲመለስ ግን ልጆቹ ከፊቴ እየሮጡ ሄደው፣ እኔ ሳልነግራቸው፣ ደጁን ስመው ጠበቁኝ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።