ለስትሮክ ሰዓቱ የሚቆጠረው ከመቼ ጀምሮ ነው?

ስለ ስትሮክ (የአንጎል ደም ስር በረጋ ደም ሲዘጋ ወይም ደም ሲፈስ የሚመጣ ጉዳት) ሲወራ «4 ሰዓት ተኩል» የምትለዋ ነገር አትቀርም። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው በዚያ ጊዜ ውስጥ ነው። ግን ከመቼ ጀምሮ?

ብዙ ሰው ምልክቱ ከታየበት ሰዓት ይመስለዋል። አይደለም። ሰውየው ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ ከታየበት ነው። ማታ 4 ሰዓት ደህና ተኝቶ ንጋት 12 ሰዓት ላይ አፉ ተጣሞ ከነቃ፣ በዚህ ስሌት 8 ሰዓት አልፎታል።

ድሮ ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። አሁን ግን ምስል ሰዓቱን ሊተካ ይችላል። ኤምአርአይ ሁለት ዓይነት ምስል ያነሳል። በአንደኛው ጉዳቱ ቶሎ ቦግ ብሎ ይታያል፤ በሌላኛው እስኪታይ ሰዓታት ይፈጃል። በመጀመሪያው ታይቶ በሁለተኛው ገና ከሆነ ጉዳቱ ትኩስ ነው፤ መድኃኒቱ ሊሰጥ ይችላል።

ትልቅ የደም ስር ሲዘጋ ደግሞ የደም ፍሰት ምስል የሞተውን የአንጎል ክፍል ደም ከተራበው ይለያል። የተራበው ሰፊ ከሆነ፣ የረጋውን ደም በቀጭን ቱቦ ስቦ ማውጣት ለአንዳንዶች እስከ 24 ሰዓት ይሞከራል።

ከሁሉ በፊት ግን ተራ ሲቲ ስካን ይነሳል። ስትሮኩ ከደም መፍሰስ የመጣ ከሆነ ያ የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት እሳት ላይ ቤንዚን ነው። ቤት ውስጥ አስፕሪን አትስጡ የሚባለውም ለዚሁ ነው።